ባሕሩ የት ሄደ? የዛንዚባር ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም «ዛንዚባር የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ስሠራ» ብዬ በግማሽ መስመር ማለፌ ጣጣ አመጣብኝ። ስለዚያች የታንዛኒያ ደሴት ጥያቄው ጎረፈ። ጥቂቱን መርጫለሁ። «የትኛው ሆቴል ይሻላል?» ያላችሁኝን ግን ይቅርታ፣ የማንንም ሆቴል ስም አልጠራም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በጥር እንጋባና ለጫጉላ ሽርሽር ዛንዚባር ለመሄድ አስበናል። ሆቴሉ በምሥራቁ ዳርቻ ፓጄ ላይ ነው። ፎቶው ላይ ባሕሩ በረንዳው ሥር ይታያል። አምና የሄደ ጓደኛችን ግን «ጠዋት ስነሳ ባሕሩ የለም፤ አሸዋና ኩሬ ብቻ!» ይላል። ልንሸወድ ነው እንዴ? (እጮኛሞቹ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ ልጆቼ። ፎቶውም ጓደኛችሁም አልዋሹም። ፎቶው የተነሳው ውሃው ሲሞላ ነው። ጓደኛችሁ የነቃው ውሃው ሲሸሽ ነው።

የላንጋኖን ሐይቅ ዳር የለመደ ሰው ውሃ ቦታውን ጥሎ ይሄዳል ብሎ አያስብም። የሕንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከሙላቱ እስከ ሽሽቱ ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል። ሰዓቱም አይረጋም፤ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ወደኋላ ይላል። ዛሬ 3 ሰዓት ላይ የዋኛችሁበት ውሃ ነገ ወደ 4 ሰዓት ግድም ነው የሚመጣው።

ይህን የምታዘው ጨረቃ ናት። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ከሁሉም ይበልጣል። ዛንዚባር ላይ ያን ሰሞን ውሃው አራት ሜትር ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል። በምሥራቁ በኩል፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ የባሕሩ ወለል ሜዳ ስለሆነ ውሃው አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይርቃል። በሰሜን ጫፍ ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ አብዛኛውን ቀን መዋኘት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ መዋል የሚፈልግ ወደ ሰሜን ይሂድ። እዚያ ሕዝቡም ጭፈራውም ይበዛል፣ እወቁት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ፓጄን አትሰርዙ። ባሕሩ ሲሸሽ ነው መንደሩ ሥራ የሚጀምረው። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጆንያ ይዘው ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳሉ። አጫጭር እንጨቶች በረድፍ ተተክለዋል፣ በመካከላቸው ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ የባሕር ሣር በትንሽ በትንሹ ታስሮ ይበቅላል። የበሰለውን ይፈታሉ፣ ችግኙን ያስራሉ። ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ወሬያቸው ሳይቋረጥ፣ ጣታቸው ሳያይ ይቋጥራል። ለንግድ የተጀመረው በ1989 (በፈረንጅ) ሲሆን፣ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል። ከእሱ የሚወጣው ማወፈሪያ በጥርስ ሳሙናና በአይስክሬም ውስጥ አለ። አሁን ውሃው እየሞቀ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ እየሞተባቸው ተቸግረዋል። ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ ጠይቁ። እኛስ ጤፍ ስናጭድ ሳይጠይቀን የሚያነሳን ፈረንጅ አያናድደንም?

ለሠርጋችሁ ስሌት ይኸውላችሁ። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ሰሞን ውሃው በአብዛኛው ረፋድ 4 እና 5 ሰዓት ላይ ይሸሻል፣ 10 ሰዓት ግድም ይሞላል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ረፋዱ ላይ ሙሉ ነው። ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ የሳምንቱ ሰንጠረዥ አይጠፋም። ቁርስ ሳትበሉ እሱን እዩ።

ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ነው። ጀልባ ነጂው በስዋሂሊ «ሁለት ሰዓት» ካለ የእናንተው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ከተነጋገራችሁ ግን በየትኛው እንደሚቆጥር አጣሩ። ጀልባ ያመለጠው እንግዳ ስንቱን አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ልጆቼን ይዤ አገር ቤት ልመጣ ነው። ፋሲካን ከእናቴ ጋር አክብረን ወዲያው ዛንዚባር ብንሄድ ምን ይመስልሻል? ወይስ ክረምት ይሻላል? ፓስፖርታችን የአሜሪካ ነው። (የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ክረምት! የእኛ ፋሲካ የሚውለው በእነሱ ዋና ዝናብ መሀል ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ነው፤ ማሲካ ይሉታል። ዋጋ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ሆቴልም ይዘጋል። ባሕሩ ይደፈርሳል፤ ኮራል (ባሕር ውስጥ ያለውን፣ ድንጋይ የሚመስለውን ሕያው ፍጡር) ለማየት የሚመጣ ሰው ደግሞ የሚፈልገው የጠራ ውሃ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ አዲስ አበባ ጃንጥላ ተይዞ ሲዋል፣ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ስለሚመጣ ምሥራቁ ዳርቻ ሞገድ ይበዛበታል። ከልጆች ጋር ስለሆንሽ ሰሜኑን ያዢ።

ወረቀቱን በአጭሩ። ለአሜሪካ ፓስፖርት ቪዛው 100 ዶላር ነው፣ በኢንተርኔት ቀድመሽ ጨርሺው። በተጨማሪ ከጥቅምት 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ የራሷን የዛንዚባርን የጉዞ ኢንሹራንስ 44 ዶላር ከፍሎ መግዛት አለበት። የአሜሪካው ኢንሹራንስሽ አይተካውም። ከአዲስ አበባ ስለምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። እናትሽ ጋ ደርሰሽ ትዝ እንዳይልሽ።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም። በ40 ዓመቴ ለመማርም አፍራለሁ። ጓደኞቼ ኮራል ልናይ ነው ብለው አስመዝግበውኛል። ጀልባ ላይ ቁጭ ብዬ ልጠብቃቸው? (ድንጋይ ነኝ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አትጠብቃቸው። እኔም ዋና የተማርሁት ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ ነው፣ ማንም አልሳቀብኝም። የሳቀ ካለም ውሃ ጆሮዬ ውስጥ ስለነበር አልሰማሁም።

ኮራል ለማየት መጥለቅ የለብህም። ላይፍ ጃኬት ትለብሳለህ፣ መነጽሩን ታጠልቃለህ፣ የመተንፈሻውን ቱቦ ትነክሳለህ፣ በሆድህ ትንሳፈፋለህ። የጨው ውሃ ራሱ ይሸከምሃል። ጀልባ ላይ ከመውጣትህ በፊት ግን እግርህ መሬት በሚነካበት ውሃ ውስጥ ቆመህ ፊትህን ነክረህ ተለማመድ። ሰውን የሚያስደነግጠው ጥልቀቱ አይደለም፤ ፊቱ ውሃ ውስጥ እያለ በአፉ መተንፈሱ ነው። ያን ከለመድህ አለቀ። አስጎብኚው ከአጠገብህ እንዳይለይ አስቀድመህ ንገረው። ጃኬት የለንም ካለህ ሌላ ጀልባ ፈልግ፤ በዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

የት? ብዙው ሰው የሚወሰደው ወደ ምኔምባ ነው፣ በሰሜን ምሥራቅ። ደሴቷ ለአንድ ሆቴል የተከራየች ስለሆነች መሬቷን አትረግጣትም፣ ዙሪያዋን ያለው ኮራል ግን ጥበቃ የሚደረግለትና ለጎብኚ ክፍት ነው። ያምራል። ችግሩ ጀልባው ነው፤ ረፋዱ ላይ መርካቶ ነው የሚመስለው። በማለዳ የሚነሳ ጀልባ ጠይቅ።

ገንዘቡን ከቻልክ ቹምቤ ሂድ እልሃለሁ። ከስቶን ታውን (ከዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል) በስተደቡብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ከ1994 (በፈረንጅ) ጀምሮ ዓሣ ማጥመድ የተከለከለባት፣ በግል ድርጅት የምትተዳደር የባሕር ፓርክ ናት። ጠባቂዎቹ የቀድሞ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ኔትና መንጠቆ ትተው አሁን ኮራሉን ይጠብቃሉ። የአየር ጋን አዝሎ መጥለቅ ለጎብኚ ክልክል ነው፤ ሁሉም እንዳንተ ከላይ ተንሳፍፎ ነው የሚያየው። ለድንጋይ የተሠራ ቦታ ማለት ይኼ ነው። ከ400 በላይ የዓሣ ዝርያ አለ ይላሉ። እኔ የወደድሁት ግን አንዱን ነው፦ አፉ እንደ በቀቀን ምንቃር የሆነውን፣ ሰማያዊና ሮዝ የሆነውን ዓሣ። ጸጥ ብለህ አድምጥ። ቀር፣ ቀር፣ ቀር ሲል ይሰማሃል። ኮራሉን እየፋቀ ነው፤ የሚፈልገው በላዩ ያለውን አረም ነው። ድንጋዩን ፈጭቶ ከኋላው እንደ ዱቄት ይለቀዋል። ያ ሁሉ ነጭ አሸዋ፣ ሰው ፎጣ አንጥፎ የሚተኛበት፣ ከፊሉ የዚህ ዓሣ ኩስ ነው። ለጓደኞችህ ከምሳ በፊት አትንገራቸው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ እግርህን ኮራል ላይ አታሳርፍ። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። ክብ ክብ የሆነው በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንተ ደንግጠህ አንዴ ስትቆምበት የምትሰብረው ከዕድሜህ ሊበልጥ ይችላል። ደግሞ ያለዚያም ሸክሙ ከብዶታል። በውስጡ የሚኖሩ፣ ቀለምና ምግብ የሚሰጡት ጥቃቅን አልጌዎች አሉ። ውሃው ለሳምንታት ሲሞቅበት ያባርራቸዋል፤ ራሱ ይነጣል፣ ይራባል፣ ሙቀቱ ካልበረደ ይሞታል። በ1998 እና በ2016 (በፈረንጅ) በዚያ አካባቢ ብዙው እንዲህ ነጥቶ ነበር።

ከድካም የተነሳ መቆም ካማረህ በጀርባህ ተገልበጥና ሰማይ እያየህ አርፈህ ተንሳፈፍ።

ጥያቄ፦ እኛ ጥቁሮች ሰንስክሪን ያስፈልገናል? ደግሞስ ኮራልን ይገድላል ሲሉ ሰምቻለሁ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በሆድሽ ተንሳፍፈሽ ሁለት ሰዓት ስትቆዪ ፀሐይዋ የምትጠብሰው ጀርባሽንና የጉልበትሽን ጀርባ ነው። ማታ እንዴት እንደምትተኚ አያለሁ። ነገር ግን መፍትሔው ክሬም አይደለም፤ እጅጌ ሙሉ ቲሸርትና ረዘም ያለ ታይት ነው። ክሬም ካልሽ ኮራልን ይጎዳል የሚባለው ኦክሲቤንዞን የተባለ ኬሚካል የሌለበትን ግዢ። ሃዋይ እሱ ያለበት ክሬም እንዳይሸጥ ከ2021 (በፈረንጅ) ጀምሮ ከልክላለች።

እግርሽንም አትርሺ። ባሕሩ በሸሸበት ወለል ላይ ባዶ እግር አይኬድም። ጥቁር እሾሃም ኳስ የመሰለ ፍጡር፣ የባሕር ጃርት የምንለው፣ ኩሬው ውስጥ ተደብቋል። እሾኩ ቆዳ ውስጥ ይሰበራል። የመንደሩ ሰዎች የፓፓያ ወተት ይቀቡበታል፤ እኔ መጀመሪያ የተወጋው እንግዳ እግሩን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እንዲነክር አደርግ ነበር፣ ሕመሙን ያስታግሳል። ካመረቀዘ ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ ለትዝታ ዛጎል ወይም ኮከብ ዓሣ ይዤ ብመጣ ምን አለበት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ኮራል ከሆነ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ ልትቸገር ትችላለህ። ዛጎሉም አገልግሎቱ ያላለቀ ቤት ነው፣ ሸርጣን ይገባበታል። ኮከብ ዓሣን ከውሃ አውጥቶ ደረት ላይ አስቀምጦ ፎቶ መነሳት ደግሞ በጣም ያናድደኛል። የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ ነው። አስጎብኚዎቹ ጉርሻ ፍለጋ ራሳቸው አውጥተው ያቀብሉሃል። «አይ፣ መልሰው» በላቸው። ትዝታ ካማረህ ካንጋ (የአገሩ ሴቶች የሚለብሱትን ባለቀለም ጨርቅ) ግዛ፤ ለእናትህም ለሚስትህም ይሆናል።

ጥያቄ፦ አለባበስ ላይ ያስቸግራሉ? (ሁለት እህትማማቾች፣ ከደሴ)

መልስ፦ የደሴ ልጆች ይኼን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። የዋና ልብስ ለባሕሩ ዳርቻ ነው፤ መንደርና ስቶን ታውን ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ረመዳን ከሆነ ቀን ላይ መንገድ ዳር አትብሉ፣ አትጠጡ። ፌስታልም ይዛችሁ አትሂዱ፣ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ እየሠራሁ መጥለቅ ተምሬያለሁ። ዛንዚባር ጠልቄ በዚያው ቀን ማታ ወደ አዲስ አበባ ብበር ችግር አለው? (ከዱባይ)

መልስ፦ አለው! ስትጠልቅ የተጨመቀ ናይትሮጅን ሰውነትህ ውስጥ ይገባል። ቀስ ብሎ ካልወጣና ከፍታ ላይ ከወጣህ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሲብስ ያሽመደምዳል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ ነው የሚባለው። አንተ 24 አድርገው። ምክንያቱም ሌላው ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ባሕር ወለል ይመለሳል፤ አንተ የምትወርደው ቦሌ ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ። የአውሮፕላኑ ውስጥ አየርም ከዚያ ብዙ አይለይም። ስለዚህ ሰውነትህ እረፍት አያገኝም።

የመጨረሻዋን ቀን ስቶን ታውን ዋልባት። ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ምግብ ሻጮቹ ይደረደራሉ። ኡሮጆ የሚሉትን ሾርባ ቅመስ፣ ጎምዘዝ ይላል። ከዚያ የሸንኮራ ጭማቂ በዝንጅብልና በሎሚ ጠጣበት። ዓሣውን ግን ከመግዛትህ በፊት አሽትተው፣ ዋጋውንም ሳትበላ ተነጋገር።