ጅቡቲ ከመሄድሽ በፊት ውክልናውን ጨርሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ጅቡቲ ኃይለኛ ጉንፋን ገብቷል፣ ድንበር ሊዘጋ ነው ይባላል። ለዕቃ አስር ቀን መሄድ አለብኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር? የማንንስ መግለጫ ልመን?» ነው ያልሽው። ከኔ በፊት የመለሱልሽ «አብሽሪ፣ ምንም የለም» ብለውሻል። እኔም በ2012 «አብሽር» ተብዬ ነው የሄድኩት። ስለዚህ ትንሽ ብረዝምብሽ ታገሺኝ።

1. «ድንበር ተዘጋ» ሲባል መጀመሪያ «ለማን?» ብለሽ ጠይቂ። በኮሮና ጊዜ መጋቢት 14 ቀን 2012 የየብስ ድንበሮች ሲዘጉ የተዘጉት ለሰው ነው። ጭነት ያልፍ ነበር። ሀገሪቱ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው፣ እሱን ማን ደፍሮ ያቆማል? ወደፊትም ቢሆን መኪናው ያልፋል፣ አንቺ ትቀሪያለሽ። ይሄ ከገባሽ ሌላው ቀላል ነው።

2. ከድሬዳዋ ሳትወጪ ውክልና ስጪ። ለወንድምም ሆነ ለባል፣ ብቻ ለምታምኚው ሰው። ዕቃ የመረከብ፣ የመፈረም፣ ቀረጥ የመክፈል ተብሎ አንድ በአንድ ይጻፍበት። እኔ «ለአስር ቀን ምን ውክልና ያስፈልገዋል» ብዬ ተውኩት። ዋናውን ኢንቮይስና የባንኩን ወረቀትም «ይጠፋብኛል» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ያከሰረኝ በሽታው አይደለም። ይሄ ነው ያከሰረኝ።

3. መግለጫውን ራስሽ አንብቢ። ይሄን ግን ታሪኩን ሳልነግርሽ እንዲሁ ብዘለው አይገባሽም።

የሄድኩት የረመዳን ተምር ላመጣ ነበር። የዚያ ዓመት ጾም ሚያዝያ 16 ነው የገባው። መጋቢት 4 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ሲባል ገንዘቡን ከፍዬ ጨርሻለሁ። መቅረት አልቻልኩም። መጋቢት 8 ሄድኩ። ዓርብ መጋቢት 11፣ ከውጭ የሚገባ ሰው ከሰኞ ጀምሮ 14 ቀን ለይቶ ማቆያ ይገባል ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት ድሬ ደወልኩ። ጉዳዩ ይመለከተዋል ብዬ ያሰብኩት መስሪያ ቤት ነው፣ ስሙን እዚህ አላነሳም። ስልኩን ያነሳው ሰውዬ «እሱ በአውሮፕላን ለሚመጣ ነው። አንተ በመኪና ነህ፣ አይመለከትህም» አለኝ። «ማን ልበል?» ስለው ዘጋው።

አመንኩት። መግለጫውን ቁጭ ብዬ አላነበብኩም። ቅዳሜውኑ ተነስቼ ቢሆን እሁድ ቤቴ ነበርኩ። ሰኞ የሚጀምረው ነገር አያገኘኝም ነበር። ጭነቱ ተጠናቆ ልይ ብዬ ቆየሁና ማክሰኞ ድንበሩ ላይ ደረስኩ።

የድንበሯን የደወሌን ፀሐይ ታውቂዋለሽ። አንድ ግራር ሥር ያ ሁሉ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ተራራቁ የሚል የለም። እናቶች አሉ፣ የቀን ሥራ ሄደው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ልጆች አሉ። እኩለ ቀን ላይ የኔን ተምር የጫነው መኪና መጣ። ታርጋውን አውቀዋለሁ። ሹፌሩ አየኝና ክላክስ አደረገ። የሙቀት መለኪያውን ግንባሩ ላይ ደገኑለት፣ ወረቀቱን አዩለት፣ ገመዱ ወረደ፣ አለፈ። የተምሩ ባለቤት እዚያው ግራር ሥር ቀረሁ።

ማታ በአውቶብስ ወስደው ለይቶ ማቆያ አስገቡን። ለበሽታው ከሆነ መግባታችን ትክክል ነው፣ ዛሬም እንደዚያው ነው የማስበው። የሚያበሳጨው የሚያስረዳን ሰው ማጣታችን ነበር። የጤና ሚኒስትሯ ዶ/ር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ስንት ሰው እንደተመረመረ፣ ስንት እንደተያዘ ያወጡ ነበር። ይሄ ጥሩ ነው፣ ቁጥሩን ሁላችንም እንጠብቀው ነበር። የኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። 14 ቀኑ የሚቆጠረው ከመቼ ነው? አንዱ ድንበር ከገባችሁበት ቀን ነው ይለናል። ሌላው፣ ክፍላችሁ አዲስ ሰው ከገባ እንደገና ከአንድ ይጀመራል ይላል። አዲስ ሰው ደግሞ በየቀኑ ይገባል። በዚህ ሂሳብ ማን ሊወጣ ነው? የሚለጠፈው ማስታወቂያ በአማርኛ ብቻ ነው። አብረውኝ ካሉት ግማሾቹ ሶማልኛ ወይ ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ አያነቡም።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሦስቱንም እናገራለሁ። ከደብተር ወረቀት ቀደድኩና የክፍሉን ሰው ሁሉ ስም፣ የገባበትን ቀን፣ የሚወጣበትን ቀን ጻፍኩ። ማስታወቂያውንም በሦስት ቋንቋ ገልብጬ በሩ ላይ ለጠፍኩት። በሦስተኛው ቀን ነርሷ መጥታ ከዚያ ወረቀት ላይ መገልበጥ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ «እንደገና ይቆጠራል» የሚለን ጠፋ። የኛ ክፍል ሰው በሙሉ በቀኑ ወጣ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሥራዎች እንደዚህ የሚያኮራኝ ጥቂት ነው።

የኔ ተምር ግን መጋዘን ተቀምጧል። ቀኑ በገባ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል። ትራንዚተሩ፣ የጉምሩኩን ጉዳይ የሚጨርስልኝ ሰውዬ፣ ደውሎ «ዋናውን ወረቀት አምጣ፣ ወይ አንተ ና፣ ወይ ወኪል ላክ» ይላል። ወኪል የለኝም። ወረቀቱ ትራሴ ሥር ነው። ወንድሜ በር ላይ መጥቶ ቆመ፣ ጥበቃው «ከዚህ ምንም ነገር አይወጣም» አለ። በዘጠነኛው ቀን ለምኜ ተፈቀደልኝ። ጥበቃው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ በረኪና ረጨበት። በፌስታል ጠቅልዬው ነበር፣ እሱ ግን ከፌስታሉ አውጥቶ ነው የረጨው። ሰማያዊው ማህተም ዓይኔ እያየ ፈሰሰ።

ወንድሜ ያንን ይዞ ሄደ። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ አየችውና «ማህተሙ አይነበብም። ባለቤቱስ የታለ?» አለችው። ኳራንቲን መሆኔን ነገራት። ወረቀቱን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገፍታ መለሰችለትና «እንግዲያው ሲወጣ ይምጣ» አለች። በቃ። ከኋላ ያለውን ጠራች።

መጋቢት 29 ወጣሁ። በማግስቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ታክሲው በግማሽ መጫን ጀመረ፣ ቢሮው ውስጥ ግማሹ ሠራተኛ የለም። ባንኩ ወረቀቱን እንደገና እስኪሰጠኝ፣ ማህተም እስኪመታ፣ ሚያዝያ 9 ሆነ። ኪራዩን ቀንሱልኝ ብዬ አመለከትኩ። ያሰረኝ መንግሥት ነው፣ ሸሽቼ አይደለም አልኩ። ኃላፊው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «መጋዘኑ ኳራንቲን አልገባም።» ሙሉውን ከፈልኩ። የዚያን ዓመት ትርፌን በልቶ ከዋናውም ነካ። ግን ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ድሬ መጋላ ገበያ ያሉ ደንበኞቼ በሙሉ ተምራቸውን አግኝተዋል። አንዱንም አላስቀረሁበትም።

አሁን ወደ ጉንፋኑ ልምጣ። ጉንፋንና ኮሮና አንድ አይደሉም። ኢንፍሉዌንዛ፣ ይሄ ኃይለኛው ጉንፋን ማለት ነው፣ ሰው ላይ የሚታየው ከተያዘ ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ምልክት ከመታየቱ አንድ ቀን በፊትም ይተላለፋል። ድንበር ላይ ግንባር እየለኩ አይያዝም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2009 የአሳማ ጉንፋን የተባለው ሲነሳ የዓለም ጤና ድርጅት ድንበር ዝጉ ያላለው። በዓለም አቀፉ የጤና ደንብም አንድ ሀገር በጤና ምክንያት መንገደኛን ወይም ዕቃን ከ24 ሰዓት በላይ የሚያግድ ተጨማሪ እርምጃ ከወሰደ፣ ምክንያቱን ጭምር በ48 ሰዓት ውስጥ ለድርጅቱ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ድንበሩ ለጉንፋን ብሎ ይዘጋል ብዬ አልገምትም። ግን ሁለት መንግሥት ነው ያለው። የኛ ባይዘጋ እነሱ ሊዘጉ ይችላሉ። የአንዱን ብቻ ሰምተሽ አትነሺ።

ጉንፋን ቀላል ነው የሚሉሽንም አትስሚያቸው። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨሰው ለምን ይመስልሻል? በ1911 ኅዳር የብዙ ሰው ቤት የዘጋው «የኅዳር በሽታ» ጉንፋን ነው። ሳል ያለበት ሰው ካለ ራቂ፣ እዚያ ካመመሽ ደግሞ ሳይሻልሽ መኪና ላይ አትውጪ። እዚህ ልጆች አሉን።

የማንን መግለጫ ልመን ላልሽው፦ ጽሑፍ የሆነውን፣ ቀን ያለበትን፣ ያወጣው መስሪያ ቤት ስሙ ያለበትን። ስታነቢው ሦስት ነገር ፈልጊ። ከስንት ቀን ጀምሮ ነው? በአየር ነው በየብስ? አሁን ውጭ ያለውን ሰው ምን ያደርገዋል? ሦስቱ ከሌሉበት ደውይ፣ ግን የመለሰልሽን ሰው ስምና ሰዓት ጻፊ። ስሙን ካልነገረሽ መልሱን እንዳልሰማሽ ቁጠሪው። እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ሱቅ ለሱቅ የሚዞረውን ወሬማ ተይው፣ በአንድ ጠዋት ድንበሩ ሦስት ጊዜ ተዘግቶ ይከፈታል።

በኔ ቦታ ሆኜ ልንገርሽ? ዕቃው የሚበላሽ ካልሆነ ሂጂ። አስሩን ቀን ግን ስድስት አድርጊው፣ የማያስፈልግ ሌሊት አትደሪ። የሁለት ሳምንት የቤት ወጪ እዚህ ለሚቀረው ሰው ተይለት። ዋናውን ወረቀት ለወኪልሽ ስጪ፣ አንቺ ኮፒውን ያዢ፣ በስልክሽም አንሺው። የሚበላሽ ነገር ከሆነ ግን ቅሪ፣ ትራንዚተሩ ይጨርስልሽ።

ውክልናውን ልታሠሪ ስትሄጂ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አሁን እኔ የምጠቀምበትን እልክልሻለሁ፣ ስሙን ብቻ ቀይሪው።