የግቢያችን ዛፎች «አርቦሬተም» ሊባሉ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ በኮሌጃችን ግቢ ከሁለት ሺህ የማያንሱ ዛፎች አሉ፤ አብዛኞቹ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ናቸው። እንደ አርቦሬተም፣ ማለትም ለጥናትና ለጉብኝት እንደተሰበሰበ የዛፎች ስፍራ፣ ዓለም አቀፍ እውቅና ለመጠየቅ ብዛታቸው ይበቃል? ክፍያውስ ስንት ነው?
(መምህር፣ ከጅማ)

መልስ፦ ለዛፍ ስብስቦች ተብሎ የተዘጋጀው የታወቀ እውቅና እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የአርብኔት ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚያስተባብረውም በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው የሞርተን አርቦሬተም ነው። ክፍያ የለውም። ብዛትን በተመለከተ ግን የሚቆጠረው ዓይነቱ እንጂ ዛፉ ስላልሆነ፣ ሁለት ሺህ ዛፎችዎ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ተብለው ይመዘገቡ ነበር። ለመጀመሪያው ደረጃ ቢያንስ 25፣ ለሁለተኛው 100፣ ለሦስተኛው 500 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት ይጠየቃሉ። ቡና ቁጥቋጦ ቢሆንም ግንዱ እንጨት ነውና ይቆጠራል፤ እንሰት ግን ከጣራ በላይ ቢረዝምም ግንድ የሚመስለው የተደራረበ የቅጠል እግር በመሆኑ አይገባም።

25 ዓይነት ማግኘት በጅማ የሚከብድ አይመስለኝም። የሚከብደው የጽሕፈቱ ሥራ ነው። ለመጀመሪያው ደረጃ እንኳ የጽሑፍ ዕቅድ፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ የበላይ አካል፣ ዛፎቹን የሚንከባከብ ሠራተኛ ወይም በጎ ፈቃደኛ፣ ለሕዝብ ክፍት መሆን፣ እንዲሁም በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሕዝብ የሚገኝበት ከዛፍ ጋር የተያያዘ ዝግጅት ያስፈልጋል።

ዛፎቹም በስም ተለይተው መታወቅ አለባቸው፤ ለዚህም «ጥድ» የሚል ታርጋ አይበቃም፤ ምክንያቱም አገር በቀሉ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ ሲሆን፣ የፈረንጅ የምንለው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ ነውና፣ በአማርኛ ስማቸው ቢቀራረቡም ወገናቸው የተለያየ ነው። ታርጋውን ከግንዱ ጋር አጣብቀው በሚስማር አይምቱት፤ ግንዱ ሲወፍር ይውጠዋል። በሚስማሩ ራስና በታርጋው መካከል ክፍተት ይተዉ።

በመዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ዛፍ የተከላውን ዓመት የያዘ መለያ ቁጥር ሲሰጡም የዘመን አቆጣጠሩን ይጻፉ፤ በእኛ 2016 የተተከለውን ችግኝ በደፈናው «2016» ካሉት፣ የውጭው ገምጋሚ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጅብዎታል።