በርቶ ባለ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካና የማይሰካ፦ መመሪያ ለምትጽፈው እህታችን

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ኮዬ ፈጬ በሚገኝ ማሰልጠኛ የኮምፒውተር ክፍል እንደምትይዢ፣ ኃላፊዎችሽ «ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ምን ይሰካል፣ ምን አይሰካም የሚለውን በጽሑፍ አቅርቢ» እንዳሉሽ፣ አንቺም ከአምራቾች መግለጫ እየቀዳሽ «ይደግፋል» እና «አይደግፍም» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ያሉት ሠንጠረዥ እንደጀመርሽ ጽፈሻል። ይበቃል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አይበቃም። እኔም ዓለም ገና አካባቢ ያንቺን የመሰለ ክፍል ለብዙ ዓመታት ይዣለሁ። ከየቦታው የተሰበሰቡ፣ ዕድሜያቸው የተለያየ ማሽኖች ባሉበት ክፍል እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ሰውን ያሳስታል።

አንድ ዕቃ በርቶ ባለ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ እንዲሠራ መሰኪያው፣ ማዘርቦርዱ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ድራይቨሩ (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አራቱም ለዚያ የተዘጋጁ መሆን አለባቸው። የአምራቹ መግለጫ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ አንዱ ብቻ ነው። በሳታ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ሃርድ ዲስክ እንይ። መሰኪያው ሲነደፍ ነገሩ ታስቦበታል፤ የመሬት መስመር ጥርሶቹ ከሌሎቹ ስለሚረዝሙ ቀድመው ይገናኛሉ። ነገር ግን ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ማስተካከያ) ላይ የዲስኩ አሠራር በአሮጌው አይዲኢ ከተቀመጠ፣ ዲስኩ ቢሰካም ኮምፒውተሩ እንደገና ካልተነሣ አያየውም። አሠራሩ አዲሱ ኤኤችሲአይ ሲሆንና ለዚያ መሰኪያ በርቶ መሰካት ሲፈቀድ ግን ያው ማሽን ያንኑ ዲስክ ወዲያው ያገኘዋል። (ዊንዶውስ በተጫነበት ማሽን ላይ ይህን ሳትዘጋጂ ብትቀይሪው ላይነሣ ይችላል፤ ለሙከራ ብለሽ እንዳትነኪው።) ታዲያ በሠንጠረዥሽ ላይ ለሳታ ከሁለቱ ዓምዶች የትኛውን ልትሞዪ ነው?

ዩኤስቢን ሰው ሁሉ ሳያስብ የሚሰካው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ጀምሮ ለዚሁ ስለተሠራ ነው። የተለመደውን የፍላሽ ሰፊ ጫፍ ብታዪው ከአራቱ ጥርሶች ኃይል የሚያስተላልፉት የዳርና ዳሮቹ ይረዝማሉ፤ መረጃ የሚያስተላልፉት መካከለኞቹ ያጥራሉ። ስትሰኪ ኃይሉ ይቀድማል፣ ስትነቅዪ መረጃው ቀድሞ ይቋረጣል። ዕቃው በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አማካይነት የአንዱን የመረጃ መስመር ቮልቴጅ ከፍ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩ ያንን አይቶ አድራሻ ይሰጠውና ማንነቱን ይጠይቀዋል። እስኪተዋወቁ ድረስ ዕቃው በዩኤስቢ 2 ከ100፣ በዩኤስቢ 3 ከ150 ሚሊአምፔር በላይ እንዲወስድ አይጠበቅም፤ ከዚያ በኋላ በዩኤስቢ 2 እስከ 500፣ በዩኤስቢ 3 እስከ 900 ሊፈቀድለት ይችላል። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከኬዙ ፊት ሲሰካ ቀጭ ቀጭ እያለ አልከፈት ብሎ፣ ከኋላ ሲሰካ ግን የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ይህንኑ የኃይል ነገር ነው። የፊት መሰኪያዎች በውስጥ ገመድ ተስበው የመጡ ናቸው፤ የኋላዎቹ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው። ስለዚህ «ዩኤስቢ ዲስክ» ብለሽ አትለፊ፤ በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው መሰኪያ እንደተሞከረ መዝግቢ።

መሰኪያ ደኅና ሆኖ ሶፍትዌር እንደሚወድቅ ለሚጠራጠር ሰው ደግሞ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 1998 ቺካጎ ውስጥ ቢል ጌትስ መድረክ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ገና ያልወጣው ዊንዶውስ 98 ስካነር በዩኤስቢ ሲሰካ እንዴት ወዲያው እንደሚያውቀው ሊታይ ነበር። ስካነሩ ተሰካ፤ ሰማያዊው የስሕተት ገጽ በትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ። ገመዱም መሰኪያውም ምንም አልሆኑም።

አሁን በአምራች መግለጫ ውስጥ ወደማታገኚው ነገር ልምጣ፤ በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚብሰውም ይኸው ነው። ከከተማዋ ዳርቻ ባሉ ብዙ የኪራይ ክፍሎች ሶኬቱ የኧርዝ (የመሬት መስመር) ጥርስ ቢኖረውም ከጀርባው የኧርዝ ሽቦ አልተያያዘም፤ ወይም ኮምፒውተሮቹ የተሰኩበት ማከፋፈያ ራሱ ባለ ሁለት ሽቦ ነው። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ በመግቢያው ላይ ሁለቱን መስመሮች ከኬዙ ብረት ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉት፤ ሥራቸው የኤሌክትሪክ ረብሻ ማጣራት ነው። ኧርዝ ካለ በእነሱ በኩል የሚያልፈው ወደ መሬት ይሄዳል። ከሌለ በ220 ቮልት መስመራችን ላይ የኬዙ ብረት በግማሹ፣ ወደ 110 ቮልት ገደማ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሚፈሰው በጣም ጥቂት ስለሆነ ሰውን ነዘር አድርጎ ይተዋል፤ ኬዙን በእጅሽ ጀርባ ስትዳስሺው የሚሰማሽ መንዘር እሱ ነው። ለቪዲዮ መውጫው ስስ ኤሌክትሮኒክስ ግን ይህ ጥቂት አይባልም። ኮምፒውተሩና ፕሮጀክተሩ ግድግዳ ላይ ተሰክተው ሳለ ገመድ ስታገናኚያቸው፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ልዩነት የሚመጣጠነው በዚያው ገመድ በኩል ነው። ብልጭታ ታያለሽ፤ አንዳንዴ ከብልጭታው በኋላ መውጫው አይሠራም።

ኤችዲኤምአይ በርቶ እንዲሰካ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከ19ኙ ጥርሶቹ የመጨረሻው ሞኒተር መሰካቱን ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቅ ነው። መግለጫው እውነቱን ነው፤ ግን የተጻፈው ኧርዝ ያለው ግድግዳ ታስቦ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠሪና እያንዳንዱን ሶኬት አስለኪ፤ ለሶኬቶቹ ቁጥር ስጪያቸው፣ ውጤቱንም መመሪያው ውስጥ አስገቢ። ኧርዝ ለሌላቸው፦ የሁለቱንም ዕቃዎች የኃይል ገመድ ከግድግዳ መንቀል፣ የቪዲዮ ገመዱን ማያያዝ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳ መመለስ። በቁልፍ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ካፓሲተሮቹ መስመር ላይ ሊቀሩ ይችላሉና። ኃላፊዎችሽ ኧርዝ ለማስገባት ገንዘብ እንዲፈቅዱ ከፈለግሽም ይህ ገጽ ከማመልከቻ የተሻለ ያስረዳል።

ሰዎች ስለ መሰካት ብዙ ይጽፋሉ፤ ፋይል የሚጠፋው ግን በመንቀል ጊዜ ነው። ዊንዶውስ 10 ከ1809 ስሪቱ ጀምሮ ፍላሽ ቶሎ እንዲነቀል አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ግን ስክሪኑ ላይ የሚታየው የመቅዳቱ መስመር ሞልቶ እንኳ ገና ያልተጻፈ መረጃ የኮምፒውተሩ ራም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ክፍልሽ ሁለቱም ስላሉት ለሠልጣኞች ሁለት ሕግ አትስጪ፤ ሁልጊዜ «ኢጀክት» ተብሎ በሥርዓቱ ይውጣ በይ። ከዚህም ይበልጥ የሚረሳው የመብራት ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ የራሱ አዳፕተር ያለው ውጫዊ ዲስክ ግን ይሞታል። ይህ ለኮምፒውተሩ አንድ ሰው መጥቶ ሳይናገር ዲስኩን እንደነቀለው ያህል ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ያለው ማሽን ላይም ዲስኩ ከዩፒኤሱ ውጭ ከተሰካ ያው ነው። «ዲስኩ ከማን ጋር ኃይል ይጋራል» የሚል መስመር መመሪያሽ ውስጥ ይኑር።

ዕቃን በስሙ ብቻ አትመዝግቢ። መርካቶ የምንገዛቸው የዋይፋይ አዳፕተሮች ካርቶናቸውና ስማቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው የተለያየ ቺፕ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ኡቡንቱ ላይ ወዲያው ይሠራል፣ መንትያው ዝም ይላል። ዩኤስቢ ዕቃ ሁሉ የአምራችና የምርት መለያ አለው፤ እያንዳንዱ በአራት አኃዝ ወይም ፊደል ይጻፋል። በሊኑክስ በኤልኤስዩኤስቢ (lsusb) ትእዛዝ፣ በዊንዶውስ በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ታገኚዋለሽ። እሱን ጻፊ። በተቃራኒው ዲስክን ኤስዲኤ (sda)፣ ኤስዲቢ (sdb) እያልሽ በመመሪያ ትእዛዝ ውስጥ አትጥሪው፤ ሊኑክስ እነዚህን የሚያድለው እንደ አገኛቸው ቅደም ተከተል ስለሆነ ዛሬ ኤስዲቢ የነበረው ነገ የሌላ ዲስክ ስም ነው። ዲስክ በሚያጸዳ ትእዛዝ ውስጥ ይህ ስሕተት ምን እንደሚያደርግ ታውቂዋለሽ። ዩዩአይዲውን (ከቅደም ተከተሉ ጋር የማይለዋወጠውን መለያ) ወይም የሰጠሽውን ስያሜ ተጠቀሚ።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ሐምራዊና አረንጓዴ ክብ መሰኪያ ያላቸው ፒኤስ 2 ኪቦርድና ማውስ እ.ኤ.አ. ከ1987 የአይቢኤም ማሽኖች የመጡ ናቸው፤ በርቶ እንዲሰኩ አልተነደፉም፣ የማዘርቦርዱን ፊውዝም ሊያቃጥሉ ይችላሉ። በአንዳንድ ማሽን ላይ ነቅለሽ ብትመልሺው ይሠራል፤ ያንን ግን በጽሑፍ አታስፍሪው፣ «አይነቀልም» በይና እለፊ። የኔትወርክ ገመድ በርቶ ቢሰካም ቢነቀልም ምንም አይልም። ራምና ውስጥ የሚገቡ ካርዶች ማሽኑ ጠፍቶ ብቻ ሳይሆን ገመዱ ከግድግዳ ተነቅሎ ነው የሚነኩት፤ የጠፋ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ 5 ቮልት ይቆያልና። ራምን አልፎ ፕሮሰሰር እንኳ በርቶ ስለሚቀየርባቸው ማሽኖች ብታነቢ ስለ ትልልቅ ሰርቨሮች ነው፤ ያንቺን አይመለከትም።

ሙከራሽን ስትጽፊ ማሽኑን፣ መሰኪያውን፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ስሪትና ቀኑን ያዢ፤ ተሰክቶ ሠራ በሚለው አትቁሚ፣ ተነቅሎ ሲመለስና ኮምፒውተሩ ከእንቅልፍ ሲነሣ ምን እንደሆነም ጨምሪ። ይህ ዝርዝር ያንቺና ካንቺ በኋላ ለሚመጣው ሠራተኛ ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው አንድ ገጽ ይሁን፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ከመሰኪያው ሥዕል ጋር።

ፎቶውን ያያያዝሽው ሰፊ የፓራለል መሰኪያ ያለው ፕሪንተር ጉዳይ፦ ኮምፒውተሩንም ፕሪንተሩንም አጥፊ፣ ገመዱን ሰክተሽ ብሎኖቹን አጥብቂ፣ ከዚያ ፕሪንተሩን አስቀድመሽ አብሪ። ድራይቨሩን ካጣሽ የሞዴል ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልን።