«ሶሻል የሰነፍ ነው» ያለሽ ማነው?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ አይሱዙ ይነዳል። የመጀመሪያ ልጃችን ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ጨርሳ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች፣ አልሐምዱሊላህ። መስከረም ላይ ናቹራል ወይ ሶሻል ብላ መምረጥ አለባት። እሷ «ሶሻል ገብቼ ሕግ ነው የማጠናው» ትላለች። አባቷ «ሁለተኛ የወጣች ልጅ ሶሻል ገባች ብዬ ለማን ልናገር ነው?» ብሎ ተቆጣ። ዶክተር እንድትሆንለት ነው የሚፈልገው። አሜሪካ ያለው ወንድሜም በየሳምንቱ እየደወለ «ሶሻል የሰነፍ ነው። እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከባድ ከባዱን መውሰድ ነው የሚያዋጣው» ይላል። ውጤቷ ሒሳብ 81፣ ፊዚክስ 74፣ ኬሚስትሪ 79፣ ባዮሎጂ 88፣ እንግሊዝኛ 91፣ ታሪክ 95፣ ኢኮኖሚክስ 93 ነው። ጎረቤቴ ደግሞ «ማርክ የማይሰስት ትምህርት ቤት አዘዋውሪያትና ትራንስክሪፕቷ ይመር» አለችኝ። ሁሉም የየራሱን ይላል። እርስዎስ ምን ይሉኛል?

እናት ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ደሴ በጉም ተሸፍና የጦሳ ተራራ ከዓይናችን ከጠፋ በአራተኛው ቀን ነው። እንዲህ ባለ ቀን ከቤት አልወጣም፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና አንቺ ብልሽ አትቀየሚኝም።

«ሶሻል የሰነፍ ነው» የምትለዋን አባባል ከወንድምሽ አፍ አይደለም መጀመሪያ የሰማኋት። ስታፍ ውስጥ ሻይ እየጠጣን እኛው መምህራኑ ስንላት ኖረናል። እኔም ብያታለሁ። አንድ ጊዜማ ዋጋ አስከፍላለች።

ሒሳብ 96 ያላት ተማሪ ነበረችኝ። ፎርሙ ላይ ሶሻል ብላ ሞላች። ጠርቼ «ይሄን የመሰለ ጭንቅላት ይዘሽ?» አልኳት። ፎርሙን እዚያው ፊቴ አስቀየርኳት። ኅዳር ላይ፣ 11ኛ ክፍል ሆና፣ ደብተር ላይ ከሠራነው ጥያቄ አንዱን ወስጄ ቁጥሮቹን ሳልነካ ታሪኩን ብቻ ቀየርኩና ሰጠኋት። ትንሽ አየችው። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቲቸር፣ ይሄን እኮ አላሠሩንም» አለችኝ። 96ቱ የሽምደዳ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሳስተምራት አልገባኝም። ሁለት ዓመት ፊዚክስን እየጠላች ጨረሰች። ያሰበችው ዩኒቨርሲቲም አልተሳካም። ዛሬ አካውንታንት ናት። ፒያሳ ስንገናኝ ቀድማ ሰላም ትለኛለች፣ እኔ ነኝ አንገቴን የምደፋው።

ስለዚህ የልጅሽን ካርድ ሳይ 95 እና 74 የሚለው ቁጥር ብዙም አያስቸኩለኝም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነው ማወቅ የምፈልገው።

መጀመሪያ ግን አባትየው ይቺን ይስማልኝ። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ስድስት ወረቀት ነው። ናቹራል የገባ ልጅ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። ሶሻል የገባ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። የቀሩት ሦስቱስ? እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ የሚባለው የማመዛዘን ፈተና። እነዚህን ሁለቱም ይፈተናሉ። የሒሳቡ ወረቀት ለየብቻ ቢሆንም ሒሳብ ሒሳብ ነው። ከ600ው 300ው የትም ብትገባ ይከተላታል ማለት ነው። እናንተ ቤት ውስጥ የምትጨቃጨቁት በግማሹ ፈተና ነው። ሌላውን ግማሽ ማንም አላነሳውም።

«ከሒሳብ ልገላገል» ብሎ ሶሻል የሚገባ ልጅ የሚወድቀውም እዚህ ጋ ነው። የ2014 ተፈታኞችን ውጤት አስታውሺ። ለወሎ ልጆች ያ የጦርነት ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር አንቺ ኮምቦልቻ ሆነሽ አይተሽዋል፣ እኔ አልነግርሽም። በአገር ደረጃ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከናቹራል ተፈታኞች ከመቶ ወደ 7 ገደማ አለፉ። ከሶሻል ከመቶ 1 ገደማ። ሶሻል ቀላል ከሆነ ይሄ ከየት መጣ? ፈተናው ስለከበደ ብቻ አይመስለኝም። ሸሽቶ የሚገባው ልጅ ስለበዛ ነው። ታሪክና ኢኮኖሚክስ እኮ የሚጠየቁት በእንግሊዝኛ ነው። አንድ አንቀጽ አንብቦ ሐሳቡን መያዝ ያቃተው ልጅ ታሪኩን ቢያውቀውም ፊደሉን በግምት ነው የሚያጠቁረው። ከዚያ ወዲህ አጠቃላዩ ትንሽ ቀና ብሏል፤ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ አለፈ። አሁንም ከአሥሩ ዘጠኙ አያልፍም። ግማሹን ላላመጡት ሬሜዲያል የሚባል ሁለተኛ ዕድል አለ፣ ግን እሱን አስቦ አይገባም።

እንግዲህ ልጅቷን እንዴት እንይ? ሁለት ነገር ሞክሩ። ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ሳይኖር ይበቃል።

አንደኛው የሒሳብ ነው። እንዲህ በያት፦ አንድ ሚኒባስ ከኮምቦልቻ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ሲወጣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዚያው መንገድ ቁልቁል ሲመለስ በሰዓት 60። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? አብዛኛው ልጅ 30 እና 60ን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና 45 ይላል። ብዙ አዋቂም እንደዚያው። ስህተት ነው። አንቺ የምታይው 45 ማለት አለማለቷን አይደለም። «ተሳስተሻል» ስትያት ምን እንደምታደርግ ነው። «ታዲያ ስንት ነው? ንገሪኝ» ካለች አንድ ነገር ነው። ዝም ብላ ወረቀት ከፈለገች፣ እራት ላይ «ቆይ፣ ሽቅቡ እኮ ረጅም ሰዓት ይፈጃል» ብላ ከመጣች ሌላ ነው። ናቹራል የምትችለው ይቺ ሁለተኛዋ ልጅ ናት፤ ካርዷ 81 ቢልም። 11ኛ ክፍል ፊዚክስ ሲጀመር ቀኑ ሙሉ እንዲህ ነው፦ ያልተከፈተ ጥያቄ ይዞ መዋል።

ሁለተኛው የታሪክ ነው። ውጫሌ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄጂ መንገድሽ ላይ ነው። በ1881 እዚያ የተፈረመውን ውል 17ኛ አንቀጽ ጠይቂያት። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣሊያንኛው ትርጉም እንዲጠቀሙ ያስገድዳቸዋል። አንዲት ግስ ናት። ጥያቄው «መቼ ተፈረመ?» አይደለም፣ እሱንማ ትመልሳለች፣ ታሪክ 95 ናት። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አንቺ የጣሊያን ጠበቃ ብትሆኚ ምን ብለሽ ትከራከሪ ነበር? ከዚያ ደግሞ ዞረሽ ለምኒልክ ተከራከሪ። «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም» ካለች የምትወደው ታሪክን ሳይሆን ከታሪክ የምታገኘውን ማርክ ነው። ዓይኗ በርቶ ከተከራከረችሽ፣ ሕግ ስትል ቀልድ እንዳልሆነ እወቂ። ሕግ ማለት ይኼው ነው፤ አንዲት ግስ ላይ ቀን ሙሉ መዋል።

ሁለቱም ላይ ጎበዝ ብትሆንስ? ትሆናለች፣ እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። ያኔ ፍላጎቷን ተከተሉ። ሁለቱም ላይ ብትደክምስ? ችግሩ ናቹራልና ሶሻል አይደለም ማለት ነው። እንደገና ጻፊልኝ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። አይሱዙ ይዞ ሌሊት የሚጓዝ አባት ልጁን ዶክተር ብሎ መጥራት ቢያምረው አልፈርድበትም። ግን ሐኪም ለመሆን መንገዱ በናቹራል ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ ሕግም የራሱ መንገድ አለው፤ ሶሻል ወደዚያ ያደርሳል። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም የመጀመሪያውን ዓመት እንደ ሁሉም ፍሬሽማን ነው የምታሳልፈው። የናቹራሉም ልጅ ጂኦግራፊና ሎጂክ ይማራል፣ የሶሻሉም ሒሳብ ይወስዳል። ዲፓርትመንት የሚደለደለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የፍሬሽማን ውጤቷም ይቆጠራል። እዚያም ሒሳቡ አይለቃትም ማለቴ ነው። ሕግ ማጥናት ቢሳካላት ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴ ያስተምራል፤ ኢንጂነሪንጉ ደግሞ እናንተው ኮምቦልቻ ነው ያለው። ድልድሉ የት እንደሚጥላት ግን ማንም አያውቅም፣ ለቤታችን ትቀርባለች ብላችሁ አታስሉ።

ወንድምሽ ያለው ከግማሽ በላይ እውነት ነው። አሜሪካ «ኤፒ» የሚባሉ ኮርሶች አሉ። ልጆቹ ሃይስኩል ሆነው የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ይወስዱና በዓመቱ መጨረሻ ይፈተናሉ። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። ብዙ ኮሌጆች 3ና ከዚያ በላይ ላመጣ ክሬዲት ይይዙለታል። ዩኒቨርሲቲዎቹም ልጁ ከባዱን ወስዷል ወይስ ቀላሉን መርጧል ብለው ያያሉ። ወንድምሽ የዘለለው ነገር አለ። ኤፒ ፊዚክስና ካልኩለስ ብቻ አይደለም፤ ታሪክም፣ ኢኮኖሚክስም፣ የመንግሥት አስተዳደርም ኤፒ አላቸው። ከባድ ማለት ሳይንስ ማለት አይደለም እዚያም። ደግሞ ተማሪውን የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱ ካቀረበለት ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ ኤፒ የለም፤ የለም ብለው አይቀጧትም። ካላት ላይ ምን ሠራች ነው ጥያቄው። አንድ ቀን ውጭ ለመማር ብታመለክት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት ይጠየቃል፤ እንግሊዝኛዋ 91 መሆኑ ያኔ ወርቅ ነው። ስለዚህ ሲደውል «ከባዱን ትወስዳለች፣ የትኛው ከባድ እንደሆነ ግን እኛ እዚህ እናይላታለን» በይው።

የጎረቤትሽን ምክር ግን አትስሚ። ማርክ የሚረጭ ትምህርት ቤት አለ፣ አውቃለሁ። አንዱ ጋ ለአጭር ጊዜ አስተምሬ ወጥቻለሁ። ልጆቹ ካርዳቸው ላይ ሁሉም 90 ናቸው። ሰኔ ሲደርስ ግን ፈተናው ያው የአገር ፈተና ነው። ከ2014 ወዲህ ደግሞ አብዛኛው ልጅ የሚፈተነው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ሻንጣ ይዘው ሄደው፣ እዚያው አድረው፣ ከማያውቁት ፈታኝ ፊት ይቀመጣሉ። ከመምህሩ ጋር የነበረው ዝምድና በር ላይ ይቀራል። እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ያ ወረቀት ነው፤ ካርዱ አይደለም። ስለዚህ ማርክ የሚሰስተው መምህር ጋ ብትቆይ ነው የምመርጠው። 74 የሰጣት የፊዚክስ መምህር ምናልባት ከሁሉም የሚወዳት እሱ ነው፤ ሄደሽ አናግሪው። «ልጄ የት ጋ ነው የምትደክመው?» በይው እንጂ «ለምን 74?» አትበይው። እኛ መምህራን የሁለቱን ልዩነት ቶሎ እናውቃለን።

የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ፣ በካርዷ ብቻ ብፈርድ ሶሻል እላለሁ፤ ግን ሒሳቡን እንደ ናቹራል ልጅ እየሠራች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ የቆየ የመግቢያ ፈተና ወረቀት ይዛ፣ ስልኩ አንቺ ጋ ሆኖ። መልሱ ከጀርባ የታተመበትን ሳይሆን የሌለበትን ፈልጊላት። ደሴ ፒያሳ አሮጌ ወረቀት የሚሸጡ ልጆች አሉ፣ ትንሽ ብትከራከሪያቸው ይቀንሱልሻል። ነሐሴን እንዲህ ካሳለፈች መስከረም ላይ ፎርሙን የሚሞላው እጇ አይንቀጠቀጥም። አባቷም በዚህ አንድ ወር ውስጥ ቁጭ ብላ ስትሠራ ቢያያት ንግግሩ ሳይለወጥ አይቀርም፤ አባቶች ከምክር ይልቅ በዓይናቸው ያዩትን ያምናሉ።

የሚኒባሱን መልስ ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ። 40 ነው። መንገዱን 30 ኪሎ ሜትር አድርጊው፤ ሽቅቡ አንድ ሰዓት፣ ቁልቁሉ ግማሽ ሰዓት፣ በጠቅላላው 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተኩል። ባለቤትሽን ቀድመሽ ጠይቂው፤ ሐረጎን ስንት ዓመት የነዳ ሰው ነውና 45 አይልም። ካለም ልጅቷ ታስረዳው።