መብራት ሲጠፋ ባዶ የቀሩ ላይብረሪዎች

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና) ባለው ላፕቶፔ ላይ ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) እየጫንኩ መብራት ጠፋ። ባትሪው ስለማይሠራ ማሽኑም አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ስጭን ኤልዲኮንፊግ (ldconfig) የሚባለው የሲስተሙ መሣሪያ «ፋይሉ ባዶ ነው፣ አልተፈተሸም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይደረድራል። ፕሮግራሞቼ ግን ይከፈታሉ። ልተወው? (አንባቢ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትተዪው! ኤልዲኮንፊግ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸውን የኮድ ፋይሎች፣ ማለትም ላይብረሪዎችን፣ ይመዘግባል። ባዶ ፋይል ካገኘ ስሙን ጠርቶ ያልፋል። ስለዚህ አሁን የምትጭኚው ፓኬጅ ጥፋት የለበትም። መብራቱ ሲሄድ የፋይሉ ስም ዲስኩ ላይ ሰፍሯል፣ ይዘቱ ግን ገና አልተጻፈም። መጠኑን እዪው፤ 0 ባይት ነው። ያን ላይብረሪ የሚፈልግ ፕሮግራም የከፈትሽ ዕለት አልነሳም ይልሻል።

ከጓደኛ ኮምፒውተር በፍላሽ ገልብጠሽ አትተኪው። የቨርዥን ልዩነት ሌላ ጣጣ ያመጣል። መጀመሪያ ተቋርጦ የቀረውን ጭነት ፓኬጆችን በሚጭነው መሣሪያ፣ በዲፒኬጂ (dpkg)፣ አስጨርሺ። ቀጥሎ በዚያው በዲፒኬጂ ፋይሉ የየትኛው ፓኬጅ እንደሆነ ፈልጊ። ሙሉ አድራሻውን ሳይሆን ስሙን ብቻ ስጪው፤ በአዳዲሶቹ ኡቡንቱዎች ላይ ሙሉ አድራሻ አንዳንዴ «የለም» ያስብላል። ከዚያ ያንኑ ፓኬጅ ከኢንተርኔት አውርዶ በሚጭነው በአፕት (apt) እንደገና ጫኚ። ማስጠንቀቂያው የጠራቸውን ስሞች በሙሉ እንዲህ አዳርሺ።

ባትሪው እስኪቀየር ድረስ ደግሞ፣ በክረምት ጣና ላይ ደመና ሲጠቁር ጭነት አትጀምሪ።