እርጥበት የበላው የጡብ ግድግዳ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ያለውን የወላጆቻችንን የድሮ ቤት እያደስን ነው። ግድግዳው 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ሸክላ ጡብ ሲሆን ቆየት ብሎ በሲሚንቶ ተለስኗል። ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ቀለሙ እያበጠ ይረግፋል፤ ነጭ ዱቄትም ይወጣዋል። ግንበኛው ውሃ መከላከያ በተቀላቀለበት ሲሚንቶ እንደገና ለስኖ ሴራሚክ ሊያለብሰው ይፈልጋል። እንፍቀድለት?

መልስ፦ አይፍቀዱ። የድሮ ጡብና ማያያዣው ውሃ ይጠጣሉ፤ አየር ሲያገኙ መልሰው ይተፋሉ። በሲሚንቶና በሴራሚክ ሲታፈን ውሃው መውጫ ፍለጋ ሽቅብ ይሄድና ከሴራሚኩ በላይ ብቅ ይላል። ነጩ ዱቄት ውሃው ይዞት የመጣ ጨው ነው። ውሃው ሲተን ጨው ከልስኑ ጀርባ ይጠጥርና ልስኑን ገፍቶ ያስለቅቃል፤ በጣት አንጓ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ምንጩን ይፈልጉ። እርጥበቱ በጋ ከክረምት የማይለወጥ ከሆነ ቧንቧ ይጠርጥሩ፦ ማታ ሁሉንም ዘግተው ቆጣሪውን ያንብቡ፤ ጠዋት ቁጥሩ ከጨመረ የሚያፈስ መስመር አለ። ክረምት ላይ የሚብስ ከሆነ ግን ግቢውን ይመልከቱ። አፈር ሲደለደል፣ ሲሚንቶ ሲፈስ፣ ኮብልስቶን ሲነጠፍ የውጪው መሬት ከዓመት ዓመት ከፍ ይልና ከቤቱ ወለል ጋር ይስተካከላል። ግድግዳው ሥር ያለውን መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉት፤ ተዳፋቱም ወደ ውጪ ይሁን፣ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል። የተቀደደ አሸንዳ ካለ ይቀየር። ቦይ የሚያስቆፍሩ ከሆነ ከመሠረቱ ግርጌ በታች አይውረዱ፤ መውጫም ያብጁለት፤ አለዚያ ውሃውን ቤትዎ ሥር ያቁሩታል።

ይህ ካለቀ በኋላ ጥቅምት ላይ ልስኑን ከእርጥበቱ ምልክት ግማሽ ሜትር ከፍ ብለው ያስወርዱ። ሥራው በመሮና በመዶሻ ይሁን፤ በማሽን ሲቸኮል የጡቡ ጠንካራ ፊት ተገንጥሎ ይወጣል። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጠርገው ከቤት ያውጡት። ካጠቡት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ ትዕግሥት ነው፦ ግድግዳ አየር በሚያገኝበት በእያንዳንዱ ፊት በወር በግምት 2.5 ሳንቲ ሜትር ይደርቃል፤ የእርስዎ በሁለቱም ፊት አየር ካገኘ መጋቢት ላይ ይደርሳል።

ልስኑ በኖራ ይሁን። የኖራ ዱቄቱን ቢያንስ አንድ ቀን በውሃ ዘፍዝፈው ለአንድ ባልዲ ኖራ ሦስት ባልዲ የታጠበና የተነፋ አሸዋ፣ እንዲጠነክርም ግማሽ ባልዲ የላመ የጡብ ዱቄት ይቀላቅሉ። ጡቡን አርጥበው አንዱን ድርብ ከ1 ሳንቲ ሜትር ሳያስበልጡ ይለስኑ፤ ሁለተኛውን ከሳምንት በኋላ ይደርቡ። ፀሐይ የሚያገኘውን በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑ፤ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ኖራ ዓይን ያቃጥላልና ሠራተኞቹ መነጽርና ጓንት ያድርጉ። ቅቡም ኖራ ይሁን፤ ፕላስቲክ ቀለም ከቀቡት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ግድግዳውን ከውጪ ሬንጅ ብንቀባውስ?

መልስ፦ ከሥር የሚመጣውን ውሃ አያስቆምም፤ መድረቂያውን ፊት ግን ይዘጋል። በመጀመሪያው ዓመት በአዲሱ የኖራ ልስን ላይ ትንሽ ጨው ቢወጣ አይደንግጡ፤ ከግድግዳው ውስጥ የቀረው ነው። በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት።