የመኪና ጥያቄና መልስ፦ «ገበያ መሃል ክላክሷ ራሷ ትጮኻለች»

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከቢቸና ነው። በፈረንጅ 1986 የተሠራች ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለችኝ። መሪዋ ሃይድሮሊክ የለውም። ከእኔ በፊት የነበራት ሰው ኦሪጅናሉን መሪ አውጥቶ ትንሽ የስፖርት መሪ አስገብቶባታል፤ ያ ቀይ ክር ያለው ዓይነት። ለዓይን አሪፍ ነው። ግን ወደ ቀኝ ባጠፍኩ ቁጥር ክላክሷ ራሷ ትጮኻለች፤ ገበያ መሃል ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ አህያ ይደነብርብኛል። ፍሬቻውም አይመለስም፣ በእጄ ነው የምመልሰው። ቀጥ ብዬ ስነዳ ደግሞ መሪው ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ጤፍ ጭኜ ደጀን ገብቼ እስካራግፍ ትከሻዬ ያልቃል። አንድ ጋራዥ አሳይቼ «መሪ መሪ ነው፣ ሌላ ግዛና እንቀይርልሃለን» አሉኝ። ሌላ የስፖርት መሪ ልግዛ ወይስ ወደ ድሮው ልመለስ? ራሴ ብፈታውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወደ ድሮው ተመለስ። ራስህም ልትፈታው ትችላለህ፤ ግን መዶሻ ሳታነሳ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የትከሻህን ነገር እንጨርስ። ሃይድሮሊክ በሌለው መኪና ላይ መሪው ሰፊ የሆነው ለጌጥ አይደለም። ጉልበትህን የሚያበዛልህ ስፋቱ ነው። የድሮው መሪ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ያሁኑ 35 ቢሆን እጅህ 14 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል ማለት ነው። 32 ከሆነ ደግሞ 25 በመቶ። በባዶ መኪና አስፋልት ላይ ብዙም አይሰማህ ይሆናል። ጤፍ ጭነህ ጠባብ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ስታስገባ ግን እያንዳንዱን ሴንቲ ሜትር ትከፍልበታለህ። ደጀንን አልፈህ ዓባይ በረሃ ከወረድክማ ያ ሁሉ መታጠፊያ በትንሽ መሪ ጨዋታ አይደለም። እስኪ ሌላም ነገር እይ፤ ትንሹ መሪ የፍጥነትና የሙቀት ቆጣሪውን ይከልልብሃል ወይ? ብዙ ጊዜ የላይኛው ጠርዙ ልክ ቆጣሪው ፊት ይመጣል። ቁልቁለቱን ጨርሰህ ወደ ጎሃ ጽዮን ያን ሁሉ ዳገት ስትወጣ የሙቀቱን መርፌ ማየት ካልቻልክ፣ መሪው ማማሩ ምን ይረባሃል?

አሁን ወደ ጩኸቱ። «መሪ መሪ ነው» ያሉህ ሰዎች የተሳቱት እዚህ ላይ ነው። የስፖርት መሪ በቀጥታ የመሪ ዘንጉ ላይ አይገባም። መሃል ላይ ማያያዣ አለው፣ ብዙውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራ። ማያያዣው ከውስጥ ከመኪናህ ዘንግ ጥርስ ጋር መግጠም አለበት፤ ከውጭ ደግሞ ከመሪው ቀዳዳዎች ጋር። የመሪውም ቀዳዳ አንድ ዓይነት አይደለም። ስድስት ብሎን ያላቸው መሪዎች የብሎናቸው ክብ 70 ሚሊ ሜትር ነው ወይ 74። በዓይን አይለይም። 74ቱን 70 ላይ በግድ ለማስገባት ቀዳዳውን በትራፓኖ የሚያሰፋ ሰው ካየህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ። ሞሞ የሚል የታወቀ የመሪ ፋብሪካ ስም ያለበት ሁሉ ሞሞ እንዳልሆነም ልብ በል።

ክላክሱ የሚጮኸው እንዲህ ነው። መሪው ላይ ያለው የክላክስ ቁልፍ መብራት ይዞ አይሄድም፤ ሥራው የሪሌውን (ለክላክሱ ኤሌክትሪክ የሚለቅለትን ማብሪያ) ገመድ ከመኪናው ብረት፣ ማለትም ከማሳ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ገመድ የትም ቦታ ልጡ ተገፎ ብረት ከነካ፣ አንተ ብትጫን ባትጫን ይጮኻል። ወደ ቀኝ ስታጥፍ ብቻ መሆኑ ደግሞ ቦታውን ይነግርሃል፦ መሪው ሲዞር ገመዱ ተጎትቶ ማያያዣው ጠርዝ ላይ ይፋተጋል። ወይም ከኋላ ያለው መዳብ ቀለበትና እሱን የምትነካው ትንሽ ምላስ በልካቸው አልተቀመጡም። የክላክሱን ክዳን አንስተህ በባትሪ መብራት ብታየው የጠቆረችዋን ቦታ ታገኛታለህ ብዬ እገምታለሁ። እስክትቀይረው ድረስ ገመዱን በፕላስተር ጠቅልለው፣ ገበያተኛውም ይገላገል።

የፍሬቻው ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። ኦሪጅናሉ መሪ ከጀርባው ፍሬቻውን እየገፋ የሚመልስ ጉጥ አለው። ማያያዣው ጉጡ ከሌለው ወይም ዞሮ ከተገጠመ ፍሬቻው አይመለስም፤ አንዳንዴ በአንድ በኩል ብቻ ይመለሳል። ፍሬቻውን ራሱን አትቀይር። ምንም አላጠፋም።

የመሪው ማዘንበል ግን ጠንቀቅ የሚያስፈልገው ነው። አብዛኛው ሰው ዳዶውን ፈትቶ መሪውን አንድ ጥርስ አዙሮ መልሶ ይገጥምና ተስተካከለ ይላል። ከዚያ በፊት ይህን አድርግ። ሜዳ ላይ አቁማት። መሪው አናት ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፍ። ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙር። ከዚያ ወደ ቀኝ እስኪያልቅ እያዞርክ ፕላስተሩ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ቁጠር። የዚያን ግማሽ መልስ። አሁን ውረድና የፊት ጎማዎቹን እይ።

ቀጥ ብለው ካገኘሃቸው የመሪው ሳጥን (መሪው ሲዞር ጎማዎቹን የሚያዞረው) መሃሉ ላይ ነው፤ ጥፋቱ የመሪው አገጣጠም ብቻ ነው፣ በጥርስ ይስተካከላል። ጥርሱ 36 ከሆነ አንዷ ጥርስ 10 ዲግሪ ታዞራለች፤ ሁለቱን አዙረህ ማየት ነው። ጎማዎቹ ቀጥ ካላሉ ግን መሪውን አትንካው! አንድ ሰው አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ሲሠራ ወደ አንዱ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ አርዝሞ የሌላውን አሳጥሯል ማለት ነው። የዚህ ዓይነት የመሪ ሳጥን ውስጡ በጣም የሚጠብቀው ልክ መሃሉ ላይ ነው፤ ከመሃሉ ሲርቅ ይላላል። ሳጥኑ ጠማማ ሆኖ መሪውን ብቻ ብታቃና፣ ቀጥ ብለህ ስትነዳ መኪናዋ ትዋልላለች፣ በአንድ በኩልም ከሌላው ያነሰ ትታጠፋለች። እሱ የአላይመንት ሥራ ነው፣ በቴስቲናው (በእነዚያ ዘንጎች ጫፍ ባለው መገጣጠሚያ) በኩል የሚስተካከል።

ኦሪጅናል መሪ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ብትልክ፣ «የሃይሉክስ መሪ» ብሎ ብቻ አይጠይቅ። ዓመቱን፣ የዘንጉን ጥርስ ብዛት፣ ከተቻለም የዘንጉን ጫፍ ፎቶ ይያዝ። ያገለገለ መሪ ሲገዛ ደግሞ ፊቱን አይይ፤ ገልብጦ ጀርባውን ይይ። የመሃሉ ጥርስ ተልጦ ወይም ተጨራምቶ እንደሆነ፣ የፍሬቻው ጉጥ አለመሰበሩን፣ የመዳቡ ቀለበት አለመበላቱን። ላዩ የተሰነጣጠቀ መሪ ይሸፈናል። ጥርሱ ያለቀ መሪ ግን ብረት ነው፣ መሪ አይደለም።

አፈታቱ እንዲህ ነው። ጎማዎቹን ቀጥ አድርግ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። የክላክሱን ክዳን አንሳ፣ ገመዱን ንቀል። ዳዶው በዚህች መኪና ላይ ባለ 19 ቡሶላ ነው። ፈትተህ አታውጣው፤ አላልተህ ሁለት ሦስት ጥርስ ይዞ ይቅር። ይህ ቀልድ አይደለም፣ የተጣበቀ መሪ ድንገት ሲለቅ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። ዘንጉና መሪው ላይ ትይዩ ምልክት በቀለም አድርግ። ጥርሱ ላይ ደብልዩ ዲ 40 የሚባለውን ማላቀቂያ ነፍተህ ትንሽ ተወው።

መሪው ወይም ማያያዣው ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ካሉ፣ የመሪ መንቀያ መሣሪያ ይዘህ ብሎኖቹን እዚያ አስገብተህ ቀስ እያልክ ታጠብቃለህ፣ በየመሃሉ እያረፍክ። ኦሪጅናሉ የቶዮታ መሪ የሚወስደው ባለ 8 ሚሊ ብሎን ነው። የስፖርት መሪ ማያያዣ ቀዳዳ ላይኖረው ይችላል። ያኔ ሁለት እጅህን በግራና በቀኝ አድርገህ እያፈራረቅክ ወደ ራስህ ሳበው፤ ዳዶው ስላለ አይመታህም።

መዶሻ ለምን እንደከለከልኩህ፦ ዘንጉን ከላይ ስትመታው ዱላው ወደ ታች ይወርዳል። የዳዶው ጥርስ ይጨፈለቃል። ታች ያለው የመሪ ሳጥን ኩሽኔታ ይጎዳል። በግጭት ጊዜ ደረት እንዳይወጋ ተብሎ እንዲታጠፍ የተሠራ ዘንግ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያሉትን ፕላስቲክ መያዣዎች ትሰብራለህ፣ ዘንጉም ከዚያ በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች ይጫወታል። በአንድ ምት የሚወጣ መሪ ዓመት ሙሉ ሲያስከፍል አይቻለሁ።

ስትመልስ ጥርሱን በብሩሽ አጽዳው። የመዳቡ ቀለበት ላይ በጣም ስስ ግራሶ ቀባ። ያንኑ መሪ የምትመልስ ከሆነ ምልክቱን አጋጥም፤ ሌላ መሪ ከሆነ ጎማዎቹ ቀጥ እንዳሉ መሪውንም ቀጥ አድርገህ አስገባው። የፍሬቻው ጉጥ ቦታው መግባቱን ሳታይ አታጥብቅ። ዳዶው 34 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው፤ ቶርክ የሚለካ ቁልፍ ያለው ጋራዥ ደብረ ማርቆስ አታጣም፣ ለዚያች ደቂቃ ቁልፉን ተውሰህ አምጣ። ከዚያ የክላክሱን ገመድና የባትሪውን ኔጋቲቭ መልሰህ፣ ሞተር ሳታስነሳ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙር፣ ክላክሱ ዝም ማለቱን፣ ፍሬቻው በሁለቱም በኩል መመለሱን እይ። መሪውን ወደ ራስህ ሳብ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቅ። ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማህ አትንዳት። የለም? እንግዲያው መጀመሪያ ሰው የሌለበት ቦታ ቀስ ብለህ ዞር ዞር በል።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነኝ። አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። በሰዓት ከ60 ሲያልፍ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። መሪውን ልቀይር?

መልስ፦ አትቀይር። መሪ ራሱ አይንቀጠቀጥም፣ የታችኛውን መንቀጥቀጥ ነው የሚነግርህ። ከጎማው ጀምር፦ ያበጠ ጎማ፣ የጠመመ ቸርኬ፣ ባላንስ። ጭቃ ቸርኬው ውስጥ ደርቆ ይህንኑ ያደርጋል፣ በክረምት በእርሻ መንገድ ለሚሄድ ሰው የተለመደ ነው፤ መጀመሪያ አሳጥበው። ካልጠፋ በክሪክ አንሳና የፊት ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ። የላይ ታቹ ከላላ ኩሽኔታ ወይም ፒን ነው፤ ግራ ቀኙ ከላላ ቴስቲና።

ጥያቄ፦ ባህር ዳር ነው የምኖረው፣ ሴት ሹፌር ነኝ። ሃይሉክሴ በፈረንጅ 2007 የተሠራች ናት፣ መሪዋ ኤርባግ አለው። ቆዳው ስለተላጠ በስፖርት መሪ ልቀይረው አስቤያለሁ። ባለሙያው «ኤርባጉን እናወጣዋለን፣ መብራቱንም እናጠፋልሻለን» አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳታደርጊው። ኤርባግ ውስጡ የሚፈነዳ ነገር አለ። የሚያወጣው ሰው ባትሪውን ነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠብቅ ከነካው ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ቢወጣም ደግሞ ከመሪው ጀርባ ያለው ገመዱ የተጠቀለለበት ክብ አካል ከመሃሉ ዞሮ ከተገጠመ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ገመዱ ሊበጠስ ይችላል። ዳሽቦርድ ላይ ያለችውን መብራት «ማጥፋት» ማለት አደጋ ሲደርስ ምንም እንደማይሠራ እያወቁ መሸፈን ነው። ሰውዬው እንደዚህ ካለሽ ሌላውንም ሥራ አትስጪው።

የተላጠው ቆዳ ብቻ ከሆነ መፍትሔው ርካሽ ነው። በመርፌና ክር የሚሰፋ የመሪ ልብስ ግዢ፤ የሚጠለቀውን ሳይሆን የሚሰፋውን። የሚጠለቀው በተለይ ባህር ዳር ሙቀት ላይ ይላላና ድንገት ስታጥፊ እጅሽ ይዞት ይዞራል፣ መሪው ባለበት ይቀራል። ልኩን ከመግዛትሽ በፊት የመሪሽን ስፋት ከዳር እስከ ዳር በሜትር ለኪ። ሲሰፋም ክሩ ጠብቆ መሃሉ ላይ ያለውን የኤርባግ ክዳን እንዳይነካ ንገሪው።